ሁለተኛውን ባትሪ አትላከው

ገራዶ፣ መስከረም 1981 ዓ.ም.

በጀርባዬ አዝዬ ላሳደግሁህ፣ ዛሬ አንገቴን ቀና አድርጌ ለማይህ ወንድሜ፤

አሰላሙ ዓለይኩም። እንዴት ነህ? ሚስትህስ እንዴት ናት? ልጆቹስ? ያ አሲድ የበላው እጅህ ዳነ ወይስ እንደ ልማድህ ምንም አይደለም ብለህ ጨርቅ ጠቅልለህበት ትሠራለህ? እኛ ዘንድ ዝናቡ ወጥቷል። ሰማዩ ጠርቷል፣ ጎመኑ ደህና ነው፣ ላሚቱም በሰላም ወልዳለች፤ ለዚህ ሁሉ አልሐምዱሊላህ። የእኔን ጤና ከጠየቅኸኝ እጅ እግሬ ቦታው ላይ አለ። የቀረውን እያነበብህ ትደርስበታለህ። አንተ ደብዳቤ ከመጨረሻው ጀምረህ የምታነብ ሰው ነህና ዛሬ እንኳ እባክህ እንደ ሰው ከላይ ጀምር። ፊደሌም እንደምታውቀው የመሠረተ ትምህርት ፊደል ነው፤ ቢጣመምብህ አትሳቅብኝ።

ጎመናችንን ኮምቦልቻ ወስዳ የምትሸጥልን ሐዋ መልእክትህን አድርሳልኛለች። ከመጀመሪያው ጋር የሚገጥም፣ መጠኑም ዕድሜውም እኩያው የሆነ ባትሪ ስትፈልግ ከርመህ አገኘሁ ብለሃል፤ አሮጌና አዲስ አይጣመርም፣ አንዱ አንዱን ይበላዋል ብለህ ስንቱን እንደመለስህም ነግራኛለች። መቼ ልላከው ብለሃል። አላህ ያክብርህ፣ ልፋትህን ይቁጠርልህ። ግን አትላከው። ያለው ይበቃናል።

አሁን ግንባርህን ቋጥረህ፣ ይህች ሴት አብዳለች እንዴ፣ ክረምቱን ሙሉ ስትጨቀጭቀኝ ከርማ እያልህ ነው። አውቅሃለሁ። ቆይ፣ አትቆጣ፣ ላስረዳህ። ዛሬ ደግሞ «ዕቃው» እያልሁ አልጽፍልህም። ዕቃው በልቷል፣ ዕቃውን ጉንፋን ያዘው፣ ዕቃው ሰላም ብሎሃል እያልሁ በጻፍሁልህ ቁጥር ልቤ ይደማ ነበር። ልጄ ዕቃ አይደለም። ዛሬ አብዱልወሀብ እያልሁ እጽፈዋለሁ። ወረቀቱን ሐዋ በእጅህ ትሰጥሃለች፤ አንብበህ ስታበቃ እሳት ውስጥ ክተተው።

ግማሹን ታውቀዋለህ፤ ግን ከራሱ ካልጀመርሁ እጄ አይሄድልኝም።

በሰባ ሰባቱ ክፉ ቀን በሺር የእርዳታው ጣቢያ ዘበኛ እንደነበር ታስታውሳለህ። ፈረንጆቹ ጣቢያውን ዘግተው ሲሄዱ፣ በደግነት ጠብቀኸናል ብለው ያችን የፀሐይ መስታወት ለባሌ ሰጡት፤ ባትሪዋን ግን ይዘው ሄዱ። እሱም ጆንያ ጠቅልሎ አልጋ ሥር አስተኛት። እንግዳ ሲመጣ ያወጣታል፣ በእጅጌው ይወለውላታል፣ ፀሐይን መብራት ታደርጋለች ይላል፣ መልሶ ያስገባታል። ዓመታት እንዲህ ኖረች። እኔማ አንድ ቀን ቆሎ ባሰጣባት ምን ይለኝ ይሆን እያልሁ እስቅበት ነበር።

ከዚያ ብሔራዊ ውትድርና የሚሉት መጣ። የአብዱልወሀብ ስም በገበሬ ማኅበሩ ሲጠራ አሰብ ሄዷል፣ ወደ የመን ሊሻገር ነው አልን። ወላሂ ስንዋሽ ከንፈራችን እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ጓዳ ውስጥ ከእህል ጎታዎቹ ኋላ ሌላ ግድግዳ አቆምን፣ ጭቃ ለጠፍንበት፣ ልጄን ከጥር ጀምሮ እዚያ አስገባሁት፤ ከጎታው ጎን ምግብ የሚገባባት ጠባብ ቀዳዳ ብቻ ተውንለት። ወደ ደጅ መስኮት የለው፣ ቀዳዳ የለው። ቀኑም ሌሊቱም አንድ። ኩራዝ ብናስገባለት ጭሱ ደረቱን ዘጋው፤ ሳል ያዘው። ሳሉ ደግሞ ግድግዳ አያግደውም፣ መንገድ ድረስ ይሰማል። ሳሉ ሲመጣበት ጨርቅ አፉ ውስጥ ይጠቀጥቅ ነበር፣ የኔ ጌታ። ዓይኑ ደም ለብሶ፣ እንባው በጉንጩ ሲወርድ፣ ድምፁን ላለማውጣት ሲታገል ያየሁትን አንተ ባታይ ይሻልሃል። ያኔ ነው መስታወቷ ትዝ ያለችን። ጭስ የሌለው መብራት ካልገባለት ወይ በሳሉ ይያዛል ወይ በሳሉ ይሞታል።

በሺር ለባትሪው አንተ ዘንድ የወረደ ዕለት የሆነውን እሱም ነግሮኛል፣ አንተም ነግረኸኛል። እሱ ትልቁን የከባድ መኪና ባትሪ እያየ ምራቁን ውጦ ሲመለስ፣ ወንድምሽ ሰሰተብኝ ነበር ያለኝ። አንተ ግን ተቀምጠህ አስረድተኸዋል። ባትሪ ጎታ ነው አልኸው፤ መስታወቷ ማሳ ናት፣ መብራት በላተኛ ነው። ማሳህ አንድ እጅ ሆኖ ጎታህን ብታገዝፈው ዕድሜ ልኩን አይሞላም፤ ሳይሞላ የከረመ ባትሪ ደግሞ የውስጡ ብረት ይነጣና ይሞታል። ጎታህን ብታሳንሰው ሰማይ የዳመነ ቀን ትራባለህ። ሞልቶም ቢሆን እስከ ሥሩ ጠርገህ አትበላውም፣ ግማሹን እንደ ዘር ትተውለታለህ። የመኪና ባትሪ ሞተር ቀስቅሶ የሚያርፍ ነው እንጂ ቀስ እያለ ሲጠባ የሚያድር መብራት አይችልም፣ ስለዚህ ለዚህ የሚሆን ፈልጌ እሰጥሃለሁ አልኸው። ይኸው፣ አንድም ሳይቀር ደገምሁልህ። ጆሮ አለኝ እኮ።

ከዚያ ጠየቅኸው። ስንት መብራት ነው? ምን ያህል ይበራል? ፀሐይ ብትጠፋ ስንት ቀን እንዲጠብቃችሁ ትፈልጋላችሁ?

ይህን ስትጠይቀው አጠገባችሁ የመኪናውን ባትሪ የሚያስሞላ ወታደር ተቀምጦ ነበር። አንተ ያን ጊዜ ልጁ አሰብ ነው ብለህ ታምናለህ፤ ምንም አታውቅም። በሺር ወታደሩን አየ፣ አንተን አየ፣ አንድ መብራት ነው፣ ማታ እራት በልተን እስክንተኛ ብቻ ነው አለህ። ምን ይበል? ሁለት ቢል ሁለተኛው ለማን ነው ልትለው ነው። ቀን የሚበራ መብራት አለ ቢልህማ ጨርሶ ጉድ ነው። አንተም የአንድ መብራት ባትሪ መርጠህ ሰጠኸው። አምፖሉን ግን ቢቃጠል መለዋወጫ ይሁነኝ ብሎ ሁለት ተቀበለህ። አልወቅስህም። በተነገረህ ልክ ነው የመረጥኸው፤ በተነገረህ ልክ ደግሞ ትክክል ነበርህ።

መለዋወጫዋን ጓዳ ሰቀልናት። የበራች ዕለት የልጄን ፊት አየሁት። ከጥር ወዲህ በኩራዝ ጥላ እንጂ ፊቱን አይቼው አላውቅም፤ ጢም አብቅሏል፣ ገርጥቷል፣ አገጩ ቁርጥ አባታችንን መስሏል። ቁጭ ብዬ አለቀስሁ። እሱ ደግሞ፣ እማ ምን ሆነሽ ነው፣ አስቀያሚ ሆኜ ነው እንዴ ብሎ አሳቀኝ። ሳሉ ቀለለው። የትምህርት ቤት መጽሐፎቹን ደጋግሞ አነበበ፤ ቁርአኑን አከተመ፤ ሲያልቅበት በስኳር ከረጢቱ ላይ የተጻፈውን ሳይቀር ያነብ ነበር። ሌላኛዋ አምፖል ዋናው ቤት ገባች። መስታወቷ ጣራ ላይ እየታየች እኛ በኩራዝ ብንቀመጥ ሰው ምን ይላል?

ኧረ ወንድሜ፣ የሳትነው ግን እዚህ ላይ ነው። አንተም በሺርም የቤቱን ሰው ቆጠራችሁ እንጂ ኸሚስን፣ የሐሙስ ማታውን እንግዳ፣ አልቆጠራችሁም። ኸሚስ ማታ ውዳጃው በተራ እንደነበር ታውቃለህ፤ አንድ ሳምንት እኛ ዘንድ ዱዓ ይደረጋል፣ አንድ ሳምንት እነ ዘይኑልአቢዲን ዘንድ፣ እንዲያ እንዲያ እያለ መንደሩን ይዞራል። መብራቱ ከገባ ወዲህ ተራ የሚባል ነገር ቀረ። እነ በሺር ቤት ብርሃን አለ ተባለና ውዳጃው ሁሉ እኛ ቤት ሰፈረ። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም እንደ ዱሮው ጭንቅ ሲኖርባቸው ይመጣሉ። ሰው ተቀምጦ መብራት ማጥፋት ደግሞ ውጡልኝ ማለት ነው፤ ይህን በየትኛው አፌ ልበል? በሺርማ ደስታውን አልቻለውም። ሰው ልሂድ ብሎ ሲነሳ፣ ኧረ ተቀመጡ፣ ገና ነው፣ ባትሪው ሙሉ ነው ይላል። ጫቱን እያቀረበ፣ መብራቱን በአገጩ እያሳየ። አፉን በመዳፌ ብከድነው ደስ ባለኝ።

ሰኔ እንደምንም አለፈ። ሐምሌ ሲገባ ፀሐይዋ ጠፋች። አንድ ኸሚስ ሰዉ ሞልቶ ሳለ መብራቱ መጀመሪያ ቢጫ ሆነ፣ ከዚያ ቀይ ክር ብቻ ቀረ። በአሰብ መንገድ የከባድ መኪና ሾፌር የነበረው ዘይኑልአቢዲን ሳቀና፣ በሺር፣ ይህን የሚያህል ባትሪ አንዲት አምፖል ማብራት አቅቶት ነው ወይስ በጎን ትቸረችረዋለህ አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ደምመላሽም እዚያው ተቀምጦ ነበር፤ እሱም ሳቀ። እሱ ሲስቅ ዓይኑ አይስቅም። ዓይኑ ከባትሪው የሚወጣውን ሽቦ ተከትሎ ሲሄድ አየሁት፤ አንዱ ወደ ጣራው፣ አንዱ ወደ አምፖሉ፣ አንዱ ወደ ጓዳ። እኔ ፈጠን ብዬ፣ ዶሮዬ ታቅፋ አይጥ እየጨረሰብኝ ነው፣ አይጡን ለማባረር ትንሽ መብራት ብጤ አደረግንላት አልሁ። ደምመላሽም፣ ዶሮም በመብራት ኖረች አለ። አሁንም ሁሉም ሳቀ፤ እኔ ሄጄ ሽቦው ፊት ቆምሁ።

በማግስቱ ምሳውን አስገብቼ ባዶውን ሳህን ልቀበል ስል አምፖሉ ሳህኑ ላይ ተቀምጧል። ሽቦውን ራሱ ነቅሎ፣ አሳምሮ ጠቅልሎታል። አንተ ዘንድ የሠራባትን አንዲት ክረምት አልረሳትም። እማ፣ በዚህ ሰማይ ይህ ባትሪ ሁለት አይችልም አለኝ፤ የእናንተ ከጠፋ ሰው ይጠይቃል፣ የእኔ ቢጠፋ ማን ያያል? ኩራዝ ላምጣልህ አልሁት። ሳሉስ አለኝ። አምፖሉን ይዤ ወጣሁ።

ያን ጊዜ ነው ሐዋን የላክሁብህ፤ አንተም ነገሩን ሁሉ ያወቅኸው። ስታውቅ ደግሞ እንዳለቀስህ ሐዋ ነግራኛለች፤ አላህ ያንን እንባህን አይርሳው። ግን ክረምቱ ሳይወጣ ሁለት ባትሪ ብታስገቡ አንዲት መስታወት ሁለቱንም አትሞላም፣ ሁለቱንም ትገድላላችሁ፣ መስከረም ይጥባ አልኸኝ። ልክ ነህ። አንተ መቼ ተሳስተህ ታውቃለህ? ግን መስከረም እስኪጠባ ልጄ ጨለማ ውስጥ ተቀመጠ። መብራት ያለው ሰው ያነባል። ጨለማ ውስጥ የተቀመጠ ሰው መስማት እንጂ ሌላ ምን ሥራ አለው?

አልጣሽን ታውቃታለህ፣ ከአጥራችን ማዶ ያለችውን የፈንታሁንን ሚስት። ትልቁ ልጇ ሞላልኝ ወደ ሰሜን ከዘመተ ወዲህ ወሬው ጠፍቷል። የቀራት ደጉ ነው፣ ያ ጢም ያላወጣው፣ ያንተን ሽማግሌ በቅሎ እየጋለበ ሲወድቅ የሳቅህበት። ኮታ የሚሉት ነገር አለ። ከዚህ መንደር ይህን ያህል ሰው ይውጣ ተብሎ ይታዘዛል፤ አንዱ አሰብ ሄደ ቢባል ቁጥሩ አይቀነስም፣ በሌላ ሰው ይሞላል። በአብዱልወሀብ ቦታ የገባው ማን እንደሆነ ነሐሴ ላይ ሰማን። ደጉ ነው።

የጳጉሜን ኸሚስ አልጣሽ ዱዓ ልታስደርግ መጣች። የዚያን ማታ መብራቱ ወለል ብሎ በርቷል፤ ልጄ የእሱን ነቅሎልናላ! የአልጣሽን እንባ አንድ በአንድ አየሁት። የቀረኝ እሱ ነው፣ ዱዓ አድርጉልኝ አለች። በሰው ልጅ አልፈርድም አለች። ያመለጠውንም እግዜር ያስመልጠው አለችና ወደ እኔ ዞራ፣ ያንቺም ልጅ በሄደበት ይቅናው፣ ባሕሩንም በሰላም ያሻግረው፣ እናት ነሽ፣ ያንቺ ማምለጥ ለእኔም ደስታዬ ነው አለችኝ። ቤቱ ሁሉ አሚን አለ። በሺር አሚን አለ። እኔም ሁለት እጄን ዘርግቼ፣ ልጄ ከጎታው ኋላ እየሰማኝ፣ አሚን አልሁ።

በማግስቱ ምሳውን አልነካውም። እማ፣ ደጉ ዕድሜው ስንት ነው አለኝ። እኔ እንጃ አልሁት። እትብቱን የቆረጥሁት በዚህች እጄ ነው፤ እኔ እንጃ አልሁት። ሳህኑን ከነምሳው መለሰልኝ።

አሁን የምጽፍልህን ለማንም አልተናገርሁም። ከጥር ጀምሮ በዚህ ቤት ጮክ ብሎ የተናገረ ሰው የለም። እንግዳ ከሌለ በሹክሹክታ ነው የኖርነው፤ ድስት እንኳ ቀስ አድርጌ ነው የማስቀምጠው። ከመስቀል በፊት በነበረው ሳምንት በሺር ከስብሰባ ተመለሰ። መሐል ቤት ቆመ። ጀርባውን ለእኔ፣ ፊቱን ለጓዳው ሰጠ። መዝገቡ ነገ ጠዋት ይዘጋል አለ፤ ልጆቹን ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ጭነው ደሴ ይወስዷቸዋል አለ። ጮክ ብሎ ነው የተናገረው። ምን ነካህ፣ ቀስ በል እንጂ አልሁት። ደገመው።

በማግስቱ ጠዋት ውኃ ልቀዳ ወርጄ ስመለስ ከግድግዳው ላይ ጭቃው ተነሥቷል። አምፖሉ ካስቀመጥሁበት አለ። ሳህኑ ታጥቦ ተደፍቷል። አብዱልወሀብ በሕይወቱ ሳህን አጥቦ አያውቅም። በሺር ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቃል። ስሜን ጠራኝ። እንስራውን ከነውኃው ለቀቅሁት፣ ተሰበረ፤ እሱ ግን ዞሮ አላየውም።

አንተ ነገሩን ካወቅህ በኋላ ለዒድ የላክህለት አዲሱ ጋቢ ሳጥን ውስጥ ነበር። አሁን የለም። ሳጥኑ አልተሰበረም። ቁልፉ ከዱሮም በሺር ወገብ ላይ ነው የሚታሰረው፣ አሁንም እዚያው እንደታሰረ ነው። አልጠየቅሁትም። እሱም አልነገረኝም። እራት አቀርብለታለሁ፣ ይበላል። አንተ ብትሆን ትጠይቀው ነበር? እኔ መልሱን ብሰማ ከዚያ በኋላ አብሬው አንድ ቤት ማደር የምችል አይመስለኝም። ደግሞ ባልሰማውም፣ ደጉን ባየሁ ቁጥር ባሌን እንዴት ብዬ ልጥላው?

ደጉን የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ በአጥሩ ማዶ አየሁት፣ ጥጃ እየጎተተ ነበር። አልጣሽ መጣች። በሩ ላይ ቆመች፣ ከዚያ ገብታ ወድቃ ጉልበቴን ሳመች። ላነሳት ጎንበስ ስል እኔም አብሬያት ተቀመጥሁ፤ መሬት ላይ፣ የእንስራው ስብርባሪ መሐል። ስትሄድ ስብርባሪውን ለቅማልኝ ሄደች።

እሑድ ስብሰባ ተጠራ። ደምመላሽ ተነሥቶ፣ ከአሰብ ድረስ በፈቃዱ ተመልሶ ለናት አገሩ የዘመተ ጀግና ብሎ አስጨበጨበ። ያ ሽቦ ወዴት እንደሚሄድ ከሐምሌ ጀምሮ እንደገባው አሁን አውቃለሁ። ለምን ዝም እንዳለ ግን አላውቅም፤ ምናልባት እሱም ልጅ አለው። በሺር አጨበጨበ። የእኔ እጅ ነጠላዬ ውስጥ ነበር።

እንግዲህ ባትሪውን አትላከው ያልሁህ ለዚህ ነው። መስከረም ከጠባ ወዲህ ፀሐይዋ ጥርት ብላ ነው የምትወጣው። ባትሪው በጊዜ ይሞላል፣ መብራቱ አይቀላም። በሺርም ኑ ብሎ ሰው መጥራት ትቷል፤ ውዳጃው ወደ ተራው ተመለሰ። ለአንድ መብራት ብለህ የመረጥኸው ለአንድ መብራት ልክ ነው። እንዲያውም ይተርፋል። የሚተርፈውን ምን እንደማደርግበት ልንገርህ፤ ያችን አምፖል ወደ ቦታዋ መልሼ ሰቅያታለሁ። በሺር ለማን ነው አላለኝም። ቀን ቀን ትበራለች። ይህን የምጽፍልህም ከጎታዎቹ ኋላ ገብቼ፣ እሱ ይተኛበት የነበረው ቁርበት ላይ ተቀምጬ ነው። አልጣሽ ደጉን ስትጠራው እዚህ ድረስ ጥርት ብሎ ይሰማል። በመንገድ የሚያልፍ ሰው እግሩ ይሰማል። እኔና በሺር ዋናው ቤት ሆነን በሹክሹክታ የተነጋገርነው ሁሉ ይሰማ ነበር፣ ወንድሜ። በሹክሹክታ የተባለው ሳይቀር ከተሰማ፣ ያን ቀን መጮህ ለምን አስፈለገ? ይኸው ነው የማይወጣልኝ።

የገዛኸውን ባትሪ ለሚያስፈልገው ሰው ስጠው። ስትሰጠው እንደ ልማድህ ስንት መብራት ነው ብለህ መጠየቅህ አይቀርም። እባክህ ሰው እያለ አትጠይቅ። ወደ ጓሮ ወስደህ ጠይቀው፤ አንድ ነው ቢልህም ዓይኑን እየው።

አንድ ነገር ደግሞ አለብህ። ልጆቹ ደሴ ሰንብተው ወደ ማሰልጠኛ ሲወርዱ በናንተ በር ነው የሚያልፉት። መኪኖቹ ሲመጡ ሥራህን ጣልና መንገድ ዳር ቁም። ከብዙ ጥቁር ፊት መሐል አንድ የገረጣ ፊት ታያለህ፤ አዲስ ጋቢ የለበሰ፣ ፀሐይዋ ዓይኑን ስትወጋው በእጁ የሚጋርድ። ከጥር ጀምሮ ፀሐይ አላየምና አትችለውም። ባርኔጣህን ወርውርለት።

አላህ እጅህን ከአሲድ፣ ልጆችህን ከመዝገብ ይጠብቅልህ። ሚስትህን በኔ ስም ሳምልኝ። ላሚቱ የወለደችው ወንድ ጥጃ ነው፤ ስም አላወጣሁለትም።

የአብዱልወሀብ እናት፣
እህትህ